ሰንጋ ግንድ አይደለም

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከተማዋ በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በሰየመችው ሰፈር፣ ጥሬ ሥጋ ያዘዘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ጠቆር ካለበት አይወድም። የቀለሙ ነገር ግን የሚጀምረው ከቢላዋው አስቀድሞ፣ ከብቱ መኪና ላይ በሚወጣበት ሰዓት ነው።

የደነገጠና የደከመ ከብት በጡንቻው ያከማቸውን ስኳር ይጨርሳል። ከታረደ በኋላ ሥጋው የሚገባውን ያህል አሲድ ስለማያበጅ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ዱላ ያረፈበት ቦታ ደም ይቋጥርና ተቆርጦ ይጣላል።

በአገር ቤት በበዓል ሰሞን ሰንጋ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል። መወጣጫ በሌለበት ገበያ አንዱ ከላይ በገመድ ይጎትታል፣ ሌላው ከታች በዱላ ይነርታል፣ ሦስተኛው ጅራት ይጠመዝዛል። ሲወርድም ከመኪናው ጫፍ እንዲዘል ይገደዳል፤ እግሩን የሚሰበርም አለ። ከእነዚህ መካከል ዕድሜውን በቀንበር ያሳለፈ በሬ አለ። ባለቤቱ «ና ቦራ!» ሲለው ስሙን አውቆ በትልሙ መጨረሻ ይዞር የነበረ እንስሳ፣ በመጨረሻው ጉዞው እንደ ግንድ መገፋቱ ያሳፍራል።

አሜሪካ ውስጥ ለትርኢት ከብት የሚያሳድጉ ልጆች ከብቱን ለጉዞ ማዘጋጀት የሚጀምሩት ከወራት በፊት ነው። ጥጃውን በገመድ መመራት ያስለምዱታል፤ የሚጫንበትን ተጎታች ክፍት ትተው ድርቆሽ ውስጡ ያስቀምጡለታል። ገብቶ ይበላል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። የጉዞው ቀን ሲደርስ ቦታው እንግዳ አይሆንበትም። የኢትዮጵያ ገበሬም ወይፈን እርሻ የሚያስለምደው በዚሁ ትዕግሥት ነው፤ ዕውቀቱ ገበያው በር ላይ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነው።

በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቴምፕል ግራንዲን ከብት ለምን እንደሚያመነታ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥንተዋል። የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ወለል ላይ የወደቀ ጥላ፣ ጨለማ መግቢያ፣ ጩኸት ያስቆመዋል። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ በቀጥታ ከኋላው ያለው ግን አይታየውም። ከትከሻው ኋላ በጎን በኩል የቆመ ሰው ጠጋ ሲል ወደፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ፊት የቆመ ይመልሰዋል። ከኋላው ቆሞ መደብደብ እንግዲህ ከብቱን ግራ ከማጋባት ሌላ አይረዳም።

አሜሪካም ብትሆን ከጭካኔ የጸዳች አይደለችም፤ በኤሌክትሪክ ዘንግ የሚነዱ ዛሬም አሉ። ሆኖም በ1873 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጓ ከብት ከክልል ወደ ክልል ሲጓጓዝ ከ28 ሰዓት በላይ ሳይወርድ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ እንዳይቆይ ይደነግጋል።

መወጣጫ ውድ ነገር አይደለም። ድንጋይ ተክቦ፣ አፈር ተደልድሎ፣ ቁልቁለቱ ከ20 ዲግሪ ሳይበልጥና ወለሉ ሳያንሸራትት ከመኪናው አልጋ እኩል ቢሠራ ይበቃል። ከፌርፋክስ አገር ቤት ገብቶ ከብት ሊያደልብ የሚያስብ ሰው በዕቅዱ ላይ ከበረቱና ከመኖው ጎን የመወጣጫውን ወጪም ይጻፍ። ማዘጋጃ ቤቶችም ከገበያተኛው ከሚሰበስቡት ገንዘብ ለየከብት ገበያው ቢያንስ አንድ መወጣጫ ይሥሩ።