የጤፍ ፓተንትና የመርማሪው አደራ

በቢቸናና በሞጣ ገበሬው ጤፉን አጭዶ ከከመረ በኋላ ሳይወቃ ማሰንበቱ ከጥንት አበው የወረሰው ልማድ ሆኖ ሳለ፣ አንድ የሆላንድ ኩባንያ፣ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ የተፈጨ ጤፍ ለመጋገር የተሻለ ነው ሲል የዱቄቱን ጠባይ በቁጥር ወስኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓን ፓተንት ተቀበለ።

የፓተንት መርማሪ በቅን ኅሊና ሊመረምራቸው ከሚገቡት ነገሮች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ የተጠየቀው መብት ወሰኑ በግልጽ ተለይቷልን? የተባለውስ ፈጠራ፣ በሙያው ለሠለጠነ ሰው ከቀደመው ዕውቀት ያለ ድካም የሚገለጥ አይደለምን?

የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድስ የጸናውን የጤፍ ዱቄት ፓተንት የፈጠራ ብልሃት የለውም ብሎ መሻሩ ርቱዕ ፍትሕ ቢሆንም፣ ፍርዱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣናችን የገበሬውን ጥበብ ከአረጋውያን አንደበት ሰብስቦ፣ የውጭ መርማሪ በሚያነበው ልሳን በመዝገብ ያስፍረው፤ ያልተጻፈውን ዕውቀት መርማሪው ፈልጎ ሊያገኘው አይችልምና።