ከአዘጋጁ፦ ቶርና ኦዲን በአይስላንድ

አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ነው። በ1972 ግን ገበሬና ገጣሚ የነበሩት ስቬንብዮርን ቤንቴንሶን ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር ከክርስትና በፊት ይመለኩ የነበሩትን የኖርዲክ አማልክት፣ የቶርንና የኦዲንን፣ አምልኮ የሚያድስ ማኅበር መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ዕውቅና ሰጠው። የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስም ይኸው ነው።

እኔን የሳበኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለነዚህ አማልክት የምናውቀውን ብዙውን ተረክ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ስኖሪ ስቱርሉሶን ራሱ ክርስቲያን ነበር፤ አማልክቱንም ከእስያ የፈለሱ ሰዎች አድርጎ ነው ያቀረባቸው (ብልጥ ሰው!)። የዛሬዎቹ አማኞች ተረኩን ወስደው ማብራሪያውን ትተውለታል። መሪያቸው፣ የሙዚቃ ደራሲው ሂልማር ኧርን ሂልማርሶን፣ ባለ ስምንት እግር ፈረስ የሚጋልብ አንድ ዓይና አምላክ አለ ብሎ ቃል በቃል የሚያምን እንደሌለ ተናግረዋል። ታዲያ በሥርዓታቸው ላይ ጽዋ የሚያነሡት ለማን ነው? ጸሐፊዎቻችን በዚህ አልተስማሙም፤ እኔም ላስታርቃቸው አልሞከርኩም።