የመስኮት መዝጊያዎቻችንን እንንከባከብ

የረመዳን ወር ሲቃረብ በየቤታችን ምንጣፉ ይራገፋል፣ መጋረጃው ይታጠባል፣ ጓዳው ይጸዳል። የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ እርሱ ጥቂት ልንል ወደድን።

ድሬዳዋን የሚያውቅ እነዚህን መዝጊያዎች ያውቃቸዋል። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በተሠራው የከዚራ ሰፈር፣ በቆዩት ቤቶች መስኮቶች ላይ ጠባብ ጣውላዎች አግድም የተደረደሩባቸው መዝጊያዎች ይታያሉ። ጣውላዎቹ ወደ ውጭ ያዘነበሉ በመሆናቸው ፀሐይንና ዝናብን ይመልሳሉ፤ ነፋሱን ግን ያስገባሉ። ቤተሰቡም ከመንገደኛ ዓይን ተሰውሮ አየር ያገኛል። ለድሬ ሙቀት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጽዳቱ አቧራውን ከማራገፍ ይጀምራል። ደረቅ አቧራ ሳይጠረግ ውሃ ከነካው ጭቃ ሆኖ በየስንጥቁ ይጋገራል። ስለዚህ በመጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች እንጥረግ። ቀጥሎም ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና የተነከረ ጨርቅ አጥብቀን ጨምቀን እያንዳንዱን ጣውላ እንወልውል። ለማዕዘኖቹ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በመጨረሻም በደረቅ ጨርቅ እናድርቅ። በጎማ ውሃ መልቀቅ ግን አይበጅም፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና መዝጊያው አልገጥም ይላል።

ማጠፊያው የሚጮህ ከሆነ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንስቶ ጠብታ የማሽን ዘይት ማድረግ ነው። የላላውን ብሎን በካቻቪቴ እናጥብቅ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ከሆነ ኮላ የተቀባ የእንጨት ስንጣሪ ሞልተን መልሰን እንሰር። የታችኛውን ጠርዝ በቢላዋ ጫፍ መፈተንም ጥሩ ነው። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷልና አናጺ ይጠራ።

ከሁሉ በላይ ልናሳስብ የምንወደው ስለ አሮጌው ቀለም ነው። ለረጅም ዘመን በብዙ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ይጨመር ነበር። ቀለሙ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ በሕፃናት አፍ ከገባ አእምሯቸውን ይጎዳል፤ ጉዳቱም በኋላ አይጠገንም። ኢትዮጵያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ከዚያ በፊት የተቀባ መዝጊያ ግን ሊጠረጠር ይገባዋል።

እንግዲህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፣ በእሳትም አይለብለብ። መዝጊያውን ነቅለን ወደ ውጭ አውጥተን፣ ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ውሃ እያርከፈከፍን በውሃ በሚሠራው ብርጭቆ ወረቀት እንፈቅፍቅ። ልጆችና ነፍሰ ጡር እናቶች ይራቁ። ፍርፋሪው ከነፕላስቲኩ ተጠቅልሎ ይጣል፤ የሠራው ሰውም እጁን ይታጠብ፣ ልብሱንም ለብቻ ይጠብ። ቀለሙ ሳይላጥ ጸንቶ ያለ ከሆነ ደግሞ ሳይፋቅ አጽድቶ በላዩ ላይ መቀባት ይሻላል።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ የእናንተን ጉልበት ይፈልጋል። አሮጌውን መዝጊያ አውልቃችሁ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡት። ተጠግኖ ከተቀባ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ወጪውም አዲስ ከማሠራት ያንሳል። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።