ሞክሼዎችን በቁጥር አንጥራ



በሁለተኛው ተርም ማብቂያ ላይ አንዲት እናት የልጃቸውን የውጤት ካርድ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ልጁ በሒሳብ 41 አምጥቷል ተብሎ አባቱ ተቆጥተውታል፤ ለሁለት ሳምንትም ኳስ ተከልክሏል። እሱ ግን «የእኔ ውጤት አይደለም» ብሎ ሙጭጭ አለ። መዝገቡን ስናገላብጥ እውነቱ ከልጁ ጋር ሆነ። በዚያ ክፍል ሁለት ናትናኤሎች አሉ፤ የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የአንዱ ማርክ በሌላው ካርድ ላይ ሰፍሮ ኖሯል።

እናቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁንም አስጠርቼ ይቅርታ ስጠይቀው «ችግር የለም ቲቸር፤ እኔ እኮ ናቲ ሁለት ነኝ፤ ሁሌም ይሳሳታሉ» አለኝ።

የካርዱን ስሕተት በዚያው ቀን አረምነው። የልጁ መልስ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ናቲ ሁለት» ያልነው እኛ መምህራን ነን። እኔ ራሴ በሰልፍ ላይ «ናቲ አንድና ናቲ ሁለት ወደዚህ ኑ» ብዬ ተጣርቻለሁ። ለእኛ ማሳጠሪያ ነበር፤ ለልጁ ግን ማዕረግ ሆነበት። ሁለተኛ መሆኑን አምኖ ተቀበለ።

በእኛ ባህል ሞክሼነት የሚያቀራርብ ነገር ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሲተዋወቁ «ሞክሼ!» ተባብለው ይሳሳቃሉ፤ ወዳጅነቱም ከዚያ ይጀምራል። ፊደላችንም የራሱ ሞክሼዎች አሉት። በድምፅ አንድ የሆኑትን «ሰ ቁጥር አንድ»፣ «ሰ ቁጥር ሁለት» ብለን አልተማርናቸውም። አንዱ እሳቱ ሰ፣ ሌላው ንጉሡ ሠ ነው፤ እያንዳንዱ ከሚጻፍበት ቃል መለያውን አግኝቷል። ለፊደል የተደረገው ጥንቃቄ ለልጅ ሊነፈግ አይገባም።

ከታወቁ ሰዎች አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ፊደል ሲቆጥር በሶ ከሚበላው አበበ ጋር ያልተዋወቀ ወላጅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ኢትዮጵያን ወክለው የሮጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አበበ ይባላሉ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም ቶኪዮ ላይ ደግሞ በማሸነፍ በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒኮች የማራቶን ባለድል የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አበበ ዋቅጅራ በዚያው የሮም ምሽት ሰባተኛ ወጣ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሰባተኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ አጠራር ቢሆን ኖሮ ግን «አበበ ሁለት» ተብሎ ይቀር ነበር።

ሌሎችም አበበዎች አሉ። ራስ አበበ አረጋይ በፋሺስት ወረራ ዘመን በሸዋ የአርበኞች መሪ ነበሩ። አበበ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1989 የቦስተንን ማራቶን አሸንፏል። በሴቶችም ብንሄድ፣ ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ፤ ያም የብዙ ሺህ ልጆች መጠጊያ የሆነው ድርጅታቸው መነሻ ሆነ። ስሙ የወላጅ ምኞት ነው፤ ልጄ ያብብ፣ ታብብ ማለት ነው። ያበቡበት መስክ ግን የየራሳቸው ነው። አንዱን ከሌላው የምንለየው የአባታቸውን ስም ጨምረን ስለምንጠራቸው ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ቁጥር ይቀላል» ይላሉ። ድካሙን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። ነገር ግን የአባትን ስም መጨመር የሚወስደው ጊዜ «ቁጥር ሁለት» ከማለት አይበልጥም። ለእኛ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ ናይሮቢ በየቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይጠብቀናል። የእኛ አጠራር እንዲህ ያለ ስም ስለሌለው አንዱ ወላጅ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላበታል። የአንድ ቤት ልጆች በሁለት ዓይነት ስም ተመዝግበው አግኝቻለሁ። ስማችንን በሥርዓት ካልያዝነው ሌላ ሰው በሥርዓት አይዝልንም።

ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በመዝገብና በውጤት ካርድ ላይ የተማሪው ስም እስከ አያት ይጻፋል። በክፍል ውስጥ ሞክሼዎች በአባት ስም፣ የአባት ስም አንድ ከሆነም በአያት ስም ይጠራሉ። ቁጥር ይቀራል፤ «ትልቁ»፣ «ትንሹ»፣ «ጥቁሩ»፣ «ቀዩ» የሚሉ መለያዎችም አብረው ይቀራሉ። ይህን መጀመሪያ የምጠብቀው ከራሴ ነው። ወላጆች ደግሞ ሙሉ ስሙን በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ላኩልን።

ያን ቀን ናትናኤልን «የአያትህ ስም ማን ነው?» ብዬው ነበር። አላወቀም። በማግሥቱ ከመጀመሪያው ደወል በፊት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ስሙን እስከ ቅድመ አያቱ በወረቀት ጽፎ ይዞ መጥቷል። እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። ካላወቁ ንገሯቸው።