«ፎርማት» ጥገና አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ ላይ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ 9 ቀን ሲቀረው፤ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሮ ነበርና፤ ጧት ላፕቶፑን ቢከፍተው በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የምትል አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ወጣችለት። በአማርኛ ብንመልሳት «የምነሣበት ዲስክ አላገኘሁም» ማለት ናት። ልጁም ቁርሱን ትቶ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሮጠ። ባለሙያው ፍላሽ ሰካ፤ ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሙሽራ ተኳኩሎ ብቅ አለ። 72 ገጽ ጽሑፍ ግን አብሮ አልተነሣም።

መቼም ይህን የሰማ ሁሉ ጥገና ቤቱን ይረግማል። እኛም በክፍላችን ሁለት ሌሊት ረግመነዋል። ነገሩን ቀዝቀዝ ብዬ ሳስበው ግን በበኩሌ የጥፋቱን ግማሽ ወደ ራሳችን መልሼዋለሁ። ጓደኛዬ ለባለሙያው የነገረው «አስነሣልኝ» ብሎ ነው፤ እርሱም አስነሣለት። «ጽሑፌን አውጣልኝ» ያለው የለም። ላፕቶፕ እኮ ከጎረቤት አልጋ ይዋሳሉ፤ ካልሆነም ቤተ መጻሕፍት ሄደው ወረፋ ይጠብቃሉ። የአንድ ዓመት ጽሑፍ ከማን ይዋሳሉ? እኛ ግን በደነገጥን ጊዜ ስለ ዕቃው እንጮኻለን እንጂ በውስጡ ስላለው ትንፍሽ አንልም።

«ፎርማት ቢደረግም ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አለ» የሚል አዋቂ ከየክፍሉ አይጠፋም። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ዘመን ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነበር፤ ፈጣን የሚባለው ፎርማት የመጽሐፉን ማውጫ ይቀድድ ነበር እንጂ ገጾቹን አያቃጥልም ነበርና። ኤስ ኤስ ዲ ሌላ ጠባይ አለው። ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርገው «ትሪም» በሚባል ትእዛዝ «ይህ ሁሉ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ያስታውቀዋል፤ በውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕም ቦታውን በራሱ ጊዜ ይጠርገዋል፤ ከተጠረገ ወዲያ ምንም ዓይነት ፕሮግራም ቢመጣ የሚያገኘው ባዶ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ይህ የማስታወሻ ዓይነት «ፍላሽ» የተባለው፤ ብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ መደምሰሱ የካሜራን ብልጭታ ስላስታወሰ ነው ይባላል። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ማን ሰምቶት!

ይበልጥ የሚያንገበግበው ኋላ የመጣው ነው። ከ3 ሳምንት በኋላ እንደገና መብራት በጠፋ ማግሥት ያው ላፕቶፕ ያችኑ መስመር መልሶ አወጣ። በዚህ ጊዜ ማንም የትም አልሮጠም። ማሽኑን እያበራን ኤፍ 2ን ደጋግመን በመጫን (በሌላው ላፕቶፕ ኤፍ 10 ወይም ዴል ሊሆን ይችላል) ባዮስ የሚባለውን ከፈትን። ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ የማስነሻው ዘዴም ከ«ዩኢኤፍአይ» ወደ አሮጌው «ሌጋሲ» ዞሯል። ኤስ ኤስ ዲው ግን ከነስሙ ከነመጠኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ለካስ በማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጣ ሰዓቱንና እነዚህን ምርጫዎች የምትጠብቀው፤ ሲአር 2032 የምትባለው የሳንቲም ያህል ባትሪ ሞታ ኖሯል። ዋናው ባትሪ በደከመበት ላፕቶፕ ላይ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ከነጭራሹ ኃይል ያጣና ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ምርጫ ይመለሳል፤ ለዩኢኤፍአይ የተጫነ ዊንዶውስ ደግሞ በሌጋሲ አይነሣም። ምርጫውን መለስነው፤ ወዲያው ተነሣ። የፊተኛውም በሽታ ይኸው እንደነበር አልጠራጠርም። ባለሙያውም ያን ጊዜ ምርጫውን ሳያስተካክል አልቀረም፤ በዚያው ቢተወው ኖሮ ይበቃ ነበር። 72ቱ ገጾች የጠፉት ባልታመመ ኤስ ኤስ ዲ ላይ ነው።

እንግዲህ ላፕቶፕ አልነሣም ሲል በቅድሚያ የሚጠየቀው፤ ባዮስ ዲስኩን ያየዋል ወይ የሚለው ነው። ካየው፤ አንዳች ነገር ሳትነኩ የባዮሱን ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ «ኤ ኤች ሲ አይ» እና «ሬይድ» የሚባሉትን የዲስክ ምርጫዎች በግምት የለወጠ ሰው ደኅናውን ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይገትረዋልና። ከዚያ በጓደኛ ማሽን ኡቡንቱን በፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ከፍላሹ አስነሡ። ሲጠይቃችሁ «ኢንስቶል» የሚለውን ሳይሆን «ትራይ» የሚለውን ምረጡ፤ በዚህች አንዲት ቃል መሳሳት ከጥገና ቤቱ የከፋ ነው። ዲስኩ ተከፍቶ ከታየ ጽሑፋችሁን ወደ ሌላ ፍላሽ ቅዱ። የቀረው ቀልድ ነው፤ ፎርማትም ቢሆን ያን ጊዜ ይምጣ።

ዲስኩ ተቆልፎ «ቢትሎከር» 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ የጠየቃችሁ እንደሆነስ? ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዢዎች መሆናችንን ልብ በሉ፤ ሻጩ በራሱ አካውንት አስነሥቶ ሰጥቷችሁ ከሆነ ቁልፉም እርሱ ዘንድ ነው። ዛሬ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ አይታችሁ በወረቀት ጻፉት። የባዮስ ምርጫ መለወጥ ብቻውን ቁልፉን ሊያስጠይቅ ይችላል።

ባዮስ ዲስኩን ፈጽሞ ካላየው ቻርጀሩን ነቅሎ፤ ክዳኑን ከፍቶ፤ የዋናውን ባትሪ ገመድ ከማዘርቦርዱ አላቆ፤ ኤስ ኤስ ዲውን አውጥቶ በደንብ መልሶ መሰካት ነው። የያዘው አንድ ትንሽ ብሎን ነው። አዲስ ገዝታችሁ ያስገባችሁት ከሆነ ደግሞ ዓይነቱን እዩ፤ «ሳታ» እና «ኤን ቪ ኤም ኢ» የሚባሉት ሁለቱ መልካቸው መንትያ ሆኖ፤ አንዱን ብቻ የሚቀበል ማሽን ሌላውን ቢሰኩበት እንደሌለ ይቆጥረዋል። በሌላ ማሽንም ካልታየ ምናልባት ተቆጣጣሪው ሞቷል፤ ያን ጊዜ እኛ የምናደርገው የለም። ይህም የሚሆነው በቆሸሸና በተጣለ ዕቃ ላይ ብቻ አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ለትልልቅ ድርጅቶች የሸጣቸው አንዳንድ ኤስ ኤስ ዲዎች በውስጣቸው ባለው ፕሮግራም ስሕተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት እንደ ሠሩ እንደሚሞቱ ራሱ አስታውቆ ነበር።

«ይህ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ካቻቢቴም ከዚያ ቀን በፊት ይዤ አላውቅም። ደግሞስ የኢንጂነሪንጉ ልጅ ስለ ጽሑፋችሁ ከእናንተ ይልቅ ለምን ይጨነቅ? «ጽሑፍህን በኢሜይል ለራስህ ብትልክ ኖሮ» የሚሉት ግን እውነት አላቸው። ሥዕል የሌለበት 72 ገጽ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ቢይዝ ነው፤ ኢንተርኔት ተወደደ ብለን የምናመካኝበት አይደለም።

ማኅበራችንን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በጽሕፈት ቤቱ አንድ መሳቢያ ውስጥ አንድ የላፕቶፕ ካቻቢቴ፤ ኤስ ኤስ ዲ አውጥቶ በዩኤስቢ ለማንበብ የሚሆኑ ሁለት ኬዞች (አንዱ ለሳታ፤ አንዱ ለኤን ቪ ኤም ኢ)፤ ኡቡንቱ ያለበት አንድ ፍላሽና ጥቂት የሳንቲም ባትሪዎች ይቀመጡ። ተማሪው ፈርሞ ይውሰድ፤ በማግሥቱ ይመልስ። ለአንድ የጭፈራ ማታ ከምናወጣው ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ በልጦም ከተገኘ አንድ ማታ ሳንጨፍር እንደር።

ጓደኛዬ በአማካሪው ዘንድ ታትመው የተገኙትን ሁለት ምዕራፎች እንደ ገና እየተየበ ነው፤ የሚመረቀውም በሚመጣው ሴሚስተር ነው። ማኅበሩ መሳቢያውን ይስጥ እንጂ ካቻቢቴውን እኔ አመጣለሁ።