ሰደርያ የለበሰ ውሻ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትልቅ የምግብ ሱቅ ሽንኩርትና ቲማቲም ልንገዛ ገባን። ከፊታችን የተሰለፈችው ሴትዮ በጋሪዋ ላይ፣ ሕፃን በሚቀመጥበት ቦታ፣ ነጭ ጸጉራም ቡችላ አስቀምጣለች። ቡችላው ቀይ ሰደርያ ለብሷል፤ ሰደርያው ላይ በትልልቅ ፊደላት «ሰርቪስ ዶግ» ተብሎ ተጽፏል። ምን ዓይነት ሰርቪስ እንደሚሰጥ ግን ልናውቅ አልቻልንም። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይጮህበታል፤ መጮኹ ሲሰለቸው ደግሞ ዳቦ ያሸታል። ሒሳብ ተቀባይዋ የአገራችን ልጅ ናት። ሴትዮዋ ከፍላ ስትወጣ ወደ እኛ ዞር አለችና «ምን ላድርግ? ሰደርያ ለብሷል እኮ!» አለችን።

ሳቅን። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ነገሩ አላስቅ አለን።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። እኛ ውሻን የምናውቀው ግቢ ሲጠብቅ ነው። ቀን በር ላይ ይታሰራል፣ ሌሊት ይጮሃል፣ ከማዕድ የተረፈ ይጣልለታል። ሳሎን ከገባ «ውጣ!» ይባላል። ስለዚህ አሜሪካ መጥተን ውሻ ሱቅ ውስጥ ስናይ ሁሉም አንድ ይመስለናል፤ «አይ ፈረንጅ!» ብለን እናልፋለን። ግን አንድ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1928 ሞሪስ ፍራንክ የሚባል ዓይነ ስውር የናሽቪል ወጣት ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ በዲ ከምትባል ውሻ ጋር ሠለጠነ። ሲመለስ ኒው ዮርክ ላይ ጋዜጠኞች እያዩት በመኪና የተጨናነቀ መንገድ ከእሷ ጋር ተሻገረ። በ1929 «ዘ ሲይንግ አይ» የተባለው የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ፍራንክ ከዚያ በኋላ በዲን ይዞ ባቡርና ሆቴል ለመግባት ለዓመታት ሲከራከር ኖረ። ዛሬ መሪ ውሻ የያዘ ሰው እንደ ማንኛችንም ሱቅ የሚገባው በእንዲህ ያለ ትግል ነው። አሁን ደግሞ የስኳር መጠን ሲወርድ በሽታ የሚለዩ፣ መስማት ለተሳነው ሰው የበር ደወል የሚያመለክቱ፣ ከጦርነት የተመለሰን ወታደር ከቅዠቱ የሚቀሰቅሱ አሉ። አንዱን መሪ ውሻ ለማሠልጠን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል።

የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በ1990 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት አጋዥ ውሻ ማለት ለአንድ አካል ጉዳተኛ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው። «አብሮኝ ሲሆን ደስ ይለኛል፣ ያረጋጋኛል» ብቻውን አይበቃም። ሱቁ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ አጋዥ ውሻ ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? በቃ። ሕመምህ ምንድን ነው ማለት አይቻልም፤ ወረቀት አሳይ ማለት አይቻልም፤ እስቲ ሲሠራ ልየው ማለትም አይቻልም። ሰደርያ መልበስ ግዴታ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሸጠው «የምስክር ወረቀት» እና መታወቂያም በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ስንደርስ እኛው ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ታዲያ መታወቂያ ይሰጣቸዋ!» አልን። መቼም ከማኅተም አገር ነው የመጣነው፤ ክብ ማኅተም ያላረፈበት ነገር አይዋጥልንም። ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያደገ ሰው ለውሻም ቀበሌ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ግን ወረቀት ተሞክሮ ታይቷል። አየር መንገዶች ለስሜት ድጋፍ ለሚያዙ እንስሳት ከባለሙያ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቁ ነበር። ምን ሆነ? ደብዳቤው ራሱ በኢንተርኔት ገበያ ወጣ። ዴልታ በ2018 መጀመሪያ ላይ፣ በአውሮፕላኖቹ ውስጥ እንስሳት የሚያደርሱት ችግር ከ2016 ወዲህ በ84 በመቶ ጨምሯል አለ። በዚያው ወር አንዲት ሴት ኒውአርክ ላይ ጣዎስ ይዛ ልትሳፈር መጥታ ዩናይትድ አይሆንም አላት። አዎ፣ ጣዎስ! መጨረሻው በ2020 ታኅሣሥ የወጣው ደንብ ሆነ፤ ከ2021 ጥር ጀምሮ አየር መንገዶች የስሜት ድጋፍ እንስሳትን እንደ አጋዥ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ወረቀቱ ውሸታሙን አላስቆመም፤ እንዲያውም መግቢያ ሆነለት። ወረቀት የሚከብደው ውሻውን ራሱ ላሠለጠነ ድሃ አካል ጉዳተኛ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ራስ ማሠልጠንን ይፈቅዳል። በየሱቁ በር ላይ ቆሞ «ዓይነ ስውር መሆኔን የሚያረጋግጥ ይኸውላችሁ» እያሉ መኖርንም አስቡት።

ሕጉ ሰውን አምኖ ነው የተጻፈው። ሐሰተኛው የሚበላው ይህንን እምነት ነው።

ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ስንቶቹ የእኛ ሰዎች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። አንዱ ወንድማችን ባለፈው ዓመት «አጋዥ ነው» የተባለ ውሻ ጭኖ መቀመጫው ላይ ሸናበት፤ የዚያን ዕለት ሥራ ትቶ ሲያጥብ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ውሻ የያዘ ሰው ካየ ነድቶ ያልፋል። ጥፋቱ ግን ያረፈው በማን ላይ ነው? ባለ ሽንታሙ ውሻ ቤቱ ገብቷል፤ ዝናብ ላይ የቀረው ዓይነ ስውሩ ነው። ሾፌሩም ቢሆን ሕግ እየጣሰ ነው። በ2021 አንድ የግልግል ዳኛ ኡበር ለአንዲት ማየት ለተሳናት የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ 1.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል፤ መሪ ውሻ በመያዟ አሽከርካሪዎች 14 ጊዜ አንወስድሽም ብለዋት ወይም አስቸግረዋት ነበር። «እፈራለሁ»፣ «አለርጂ አለብኝ» ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። ከዚህ ከእኛው ቡድን አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ይህን ሲያነብ ያውቀዋል) ውሻ አለው። ባለፈው በጋ በ25 ዶላር ሰደርያ አዝዞ ውሻውን ካፌ ለካፌ ሲያዞር ከረመ። እኛም አብረን ቡና ስንጠጣ ነበር፣ አንድ ቀን ምንም አላልነውም። ሰሞኑን ስንጠይቀው «ማንን ጎዳሁ?» አለ። ጨዋ ውሻ ነው፣ አይናከስም፤ እሱስ እውነት ነው። ግን ያልሠለጠነ ውሻ በሥራ ላይ ያለን መሪ ውሻ አይቶ ሲዘልበት፣ መሪው ውሻ ለአፍታ ቢዘናጋ፣ የያዘው ሰው ደረጃ ላይ ወይም መንገድ መሐል ነው ያለው። የተነከሰ መሪ ውሻ ደንግጦ ሥራውን ጨርሶ ሊተው ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሌላ እስኪያገኝ ወራት ይጠብቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ለማታለል ብሎ ለውሻ እንዲህ ያለውን ሰደርያ ማልበስ ራሱ እስከ 250 ዶላር ያስቀጣል፤ ካሊፎርኒያ ቢሆን እስከ 1,000 ዶላርና ስድስት ወር እስር ሊደርስ ይችላል። ይህን ስንነግረው ዝም አለ። ሰደርያውን ግን እስካሁን አልጣለውም።

ሒሳብ ተቀባይዋ እህታችን ያላወቀችው ነገር ነበር፤ አለቆቿም አልነገሯትም። ውሻው እውነተኛ አጋዥ እንኳ ቢሆን ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ባለቤቱ ካላስታገሠው፣ ወይም ውስጥ ከተጸዳዳ፣ ይውጣ ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ግን ያለ ውሻው ተመልሶ መገበያየት መብቱ ነው። ሱቁ ውሻ በጋሪ ላይ እንዲቀመጥ የመፍቀድ ግዴታም የለበትም። ስለዚህ የቅዳሜውን ቡችላ ለማስወጣት ስለ ሴትዮዋ ጤና አንዲት ቃል መናገር አያስፈልግም ነበር፤ መጮኹ ብቻ ይበቃ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የሚላት ግን «ተይው፣ ክስ እንዳታመጪብን» ነው። ሕጉን አንብቦ ከማስረዳት ዝም ማሰኘት ይቀላላ!

ማክሰኞ ማታ ተመልሰን ሄድን። ሁለቱን ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፈን ሰጠናት። አንብባ ገንዘብ መቀበያው ጎን ላይ በፕላስተር ለጠፈቻት። ሥራ አስኪያጁ እስከ ትናንት ድረስ አላያትም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።