ትርኢት ወይስ ትምህርት? የአሸዋ አኒሜሽን ለትንንሽ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ2009 ክሴኒያ ሲሞኖቫ የዩክሬንን የተሰጥኦ ውድድር ያሸነፈችው ከሥሩ መብራት በበራለት መስታወት ላይ አሸዋ እየበተነች ነው። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት መከራ በጣቶቿ እየሠራችና እያፈረሰች ስትተርክ ተመልካቹ ሲያለቅስ የሚታይበት ቪዲዮ ሚሊዮኖች ዘንድ ደረሰ። ዛሬ በዩክሬንና በሩሲያ ከተሞች ልጅን ከትምህርት ቤት መልስ አሸዋ ሥዕል ማስመዝገብ ብርቅ አይደለም። ነገሩ ለዓይን ያምራል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ግን ምን ያተርፍበታል?

የሚደግፉት መጀመሪያ የሚያነሡት ፍርሃትን ነው። ወረቀት ላይ ያበላሸ ልጅ ላጲስ ያነሣል፤ ላጲሱ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ልጁ ያኮርፋል። አሸዋ ላይ መዳፍ አንዴ ካለፈ ሁሉም እንዳዲስ ይጀመራል። ዘዴውም ለትንሽ እጅ የታሰበ ይመስላል። ልጁ አሸዋውን ይጨብጥና በትንሿ ጣቱ በኩል ላላ ሲያደርገው ቀጭን መስመር ይወርዳል፤ ጭብጡን ሲፈታ መስመሩ ይወፍራል፣ ሲያጠብቅ ይቋረጣል። የተነሰነሰውን አሸዋ በጣቱ ሲጭረው ብርሃን ይወጣል፣ በአውራ ጣቱ ጎን ገፋ ሲያደርገው ቅጠል ይሆናል። ሁለቱም እጆች እኩል ይሠራሉ፤ ቀኙ አንዱን የወፍ ክንፍ ሲስል ግራው ሌላውን ይስላል። እርሳስ አያያዝ ላስቸገረው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ብርሃን የበራበት አሸዋ ላይ ማንኛውም ጭረት ያምራል፤ ስለዚህ ልጁ ሳይማር የተማረ ይመስላል። መምህሯ ፊት ቆማ ዛፍ ስትሠራ ስምንቱም ልጆች ዛፍ ይሠራሉ፤ ዛፉን ወደ ጀልባ ስትለውጠው ስምንት ጀልባ ይወጣል። ወላጅ በስልኩ ቀርጾ ለዘመድ ይልካል። ሥዕሉ ግን የመምህሯ ነው። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይኸኛው ነው።

«ይህ አኒሜሽን አይባልም» የሚሉም አልተሳሳቱም። ካሮላይን ሊፍ በሃርቫርድ ተማሪነቷ የጀመረችው፣ «ፒተርና ተኩላው»ን መነሻ ያደረገውና በ1969 የወጣው የአሸዋ ፊልም የተሠራው አሸዋውን ጥቂት ነካ አድርጎ ፎቶ በማንሣት፣ ደግሞ ነካ አድርጎ በማንሣት ነው። በሰከንድ 12 ምስል ቢታሰብ የ10 ሰከንድ ፊልም 120 ፎቶ ይፈልጋል። በመሀል አንዱ ልጅ ጠረጴዛውን በክርኑ ገጨው ማለት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው። ለትንንሾቹ በሰከንድ 6 ምስል ይበቃል፤ አፉን ከፍቶ የሚዘጋ ዓሣ፣ ከዚያ በላይ ምንም። ሙሉ ታሪክ ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጅ ይቆይ።

የአቧራው ጉዳይ ግን ለክርክር የሚቀርብ አይደለም። ከአሸዋ የሚነሣው ደቃቅ የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ከግንባታ ቦታ ዘግኖ ማምጣት አይቻልም። አሸዋው ታጥቦ፣ ደርቆና ተነፍቶ ብናኙ የወጣለት መሆን አለበት፤ ወለሉም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ወላጁን ሳያማክሩ መጀመር አይገባም።

ወጪው ያን ያህል አያስፈራም፦ አናጢ የሚሠራው ሳጥን፣ ነጭ አክሪሊክ፣ የኤልኢዲ መብራት። (እኛ አገር ለሚያስበው ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ ከሥር ቢበራ ይሠራል።) የሚከብደው ቦታው ነው። አንድ ጠረጴዛ ቢበዛ ሁለት ልጅ ይይዛል፤ ሠላሳ ልጅ የሞላበት ክፍል ውስጥ ይህ ትምህርት ወረፋ መጠበቅ ብቻ ይሆናል።

እኔ ወደ መደገፉ አዘነብላለሁ፤ ልጆቹ ጥቂት ከሆኑና መምህሯ አያያዙን አሳይታ ዞር ካለች። ልጁ የራሱን ውሻ ይሥራ፣ ውሻው በግ ቢመስልም ያፍርሰውና ደግሞ ይሥራው። ወላጅም «ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ መጠየቁን ይተው፤ ይዞት የሚመጣው ነገር የለም፣ ምናልባት ኪሱ ውስጥ የቀረ አሸዋ ካልሆነ። ለዓመቱ መዝጊያ ከሚያሳዝን ሙዚቃ ጋር ትርኢት የሚያዘጋጅ ኮርስ ከሆነ ግን ክፍያውን የውኃ ቀለምና ወፍራም ወረቀት እገዛበታለሁ።